ለሦስት የተከፈለው ባለሦስት እግር

በዕድሜዬ ሙሉ የቀለድኳቸውን ቀልዶች ብትከምሯቸው የአምባ መቅደላን ቁመት ያህላሉ። አብዛኞቹ ማንንም ሳይጎዱ እንደ ጉም በነዋል። አንዷ ግን ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረች። በሙሉ ድምፅ ጸደቀች፤ ሦስት ማኅተም አረፈባት። ከዚያ በኋላ እግር አወጣች። እግር ስል ለነገር ማሳመሪያ እንዳይመስላችሁ፤ የብረት እግር ነው፣ ያውም ሦስት። ይህን የምጽፈው ስለዚያች ቀልድና እሷን ፍለጋ ስለተንከራተትኩባቸው ቀናት ነው።

ይመር እባላለሁ። ከመካነ ሰላም ዙሪያ ባለች አንዲት ደገኛ ከተማ የውሃ አገልግሎት የፓምፕ ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ የምባለው ውሃ ሲኖር ነው፤ ሲጠፋ ስሜ «ያ ቀልደኛ» ይሆናል። የከተማዬን ስም አልነግራችሁም። የሁለቱን ጎረቤቶቻችንንም አልነግራችሁም፤ በሁለቱም ዘመድ አለኝ፣ የምሄድበትም መንገድ በደጃቸው ያልፋል። ስለዚህ በገበያ ቀናቸው ልጥራቸው። የእኛዋ ሰኞ ገበያ ትሁን፤ ጎረቤቶቻችን ሐሙስ ገበያና ቅዳሜ ገበያ።

ሦስቱም ከተሞች የሚጠጡት ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። የእኛ ጉድጓድ ጠዋት ድንጋይ ብትጥሉበት ድምፁ የሚሰማችሁ በማግስቱ ነው። ፓምፑ ከታች፣ ከውሃው ውስጥ ይኖራል። ሲቃጠል ቧንቧውን አንድ በአንድ እየፈቱ ከነፓምፑ ወደ ላይ መጎተት ግድ ነው። ለዚህ ሥራ ክሬን ከሩቅ ይመጣል ይባላል፤ እስኪመጣ ግን የተጠማው ሰው አግብቶ፣ ወልዶ፣ አርጅቶ ይሞታል። ስለዚህ የሦስቱ ከተሞች የውሃ አገልግሎቶች ተባበሩና አንድ የጋራ ዕቃ ገዙ። ሦስት ረዣዥም የብረት እግር አለው፤ እግሮቹ አናታቸው ላይ ይገጥማሉ፤ ከመሐላቸው የመጎተቻ ሰንሰለት ይንጠለጠላል። በወረቀት ላይ ስሙ ለመጥራት ትንፋሽ የሚያሳጥር ነው። እኛ «ባለሦስት እግሩ» እንለዋለን።

ዕቃው ተገዛ። የት ይቀመጥ?

ይህን ለመወሰን መካነ ሰላም አንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ቀን ተሰበሰብን። የሐሙስ ገበያው ሰው «እኛ መሐል ነን» አለ። የቅዳሜ ገበያው «እኛ መጋዘን አለን» አለ። የእኛው ሥራ አስኪያጅ ተነሥተው «ሀሳቡን መጀመሪያ ያመነጨነው እኛ ነን» አሉ። እንዲህ እየተባባልን በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ደረስን። ግማሹ ሰው እንቅልፍ ይዞታል። እኔ ቀልጄ እንኳን ልንቃ ብዬ እጄን አወጣሁ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ይሄ ዕቃ እግሩ ሦስት ነው፤ እኛም ሦስት ነን። አንድ አንድ እግር ይዘን ብንገባስ?»

እስኪስቁ ጠበቅሁ። እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ከትናንት ጀምሮ ከቀረቡት ሀሳቦች ሁሉ ፍትሐዊው ይሄ ነው» አሉ። ከኋላ አንዱ አጨበጨበ። የተኛው ሁሉ ነቅቶ አጨበጨበ።

«ኧረ እኔ ስቀልድ ነው!» አልኩ።

«ትሕትናህን እናደንቃለን» አሉኝ።

ጸደቀ። ለየከተማው አንድ አንድ እግር፤ አናቱና ሰንሰለቱ በዕጣ ለእኛ። ስንመለስ አለቃዬ ሚኒባስ ውስጥ እጄን ጨብጠው «አኮራኸን!» አሉኝ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ኮራሁ። ለካ ሞኝነት በጭብጨባ ሲታጀብ ጥበብ ይመስላል።

ወራት አለፉ። የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ ምንጩ ሁሉ ተንጠፈጠፈ። በአንድ ማክሰኞ ማለዳ የእኛ ፓምፕ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ሽቦው ተቃጥሏል። መለዋወጫ ፓምፕ መጋዘናችን ውስጥ አቧራ ለብሶ ተኝቷል፤ ችግሩ እሱ አልነበረም። ችግሩ የሞተውን ማውጣት ነው። ለማውጣት ደግሞ አንድ እግር፣ አንድ አናትና አንድ ሰንሰለት አለኝ። በአንድ እግር የሚቆም ሽመላ ብቻ ነው።

በዚያው ጠዋት የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ሲስተር ፋጡማ ፓምፕ ቤቱ ድረስ መጣች። ይህች ልጅ ስትቆጣ ድምፅዋን ዝቅ ነው የምታደርገው፤ ያን ቀን እንደ ሹክሹክታ ነበር።

«ጋሽ ይመር፣ ታንከሬ ውስጥ ያለው ውሃ ቢቆጠብ ቢቆጠብ እስከ ዓርብ ጠዋት ነው። ዓርብ ጠዋት ውሃ ካልመጣ ማዋለጃውን እዘጋለሁ።»

«ዘግተሽስ?»

«ምጥ የመጣባትን መካነ ሰላም እልካለሁ።»

«በዚህ መንገድ?»

«በክንፍ አይደለም መቼም!» ብላኝ ሄደች።

እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁምና አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ብርቄ በዚያ ሳምንት ጤና ጣቢያው ግቢ ባለው የእናቶች ማቆያ ውስጥ ነበረች፤ ቀኗ ደርሷል። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አርግዛ ነበር። ያኔም እዚህ አይሆንም ተብሎ ወደ መካነ ሰላም ስትወሰድ፣ መኪናው ሲነጥር ሲያነጥራት፣ ልጁ መንገድ ላይ ቀረ። ያን መንገድ ዛሬም ሳልፍበት የቱ ጠመዝማዛ ላይ እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ማቆያው ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«አባዬ» አለችኝ፣ «እኔ ዳግመኛ በዚያ መንገድ አልሄድም። የሚሆነው እዚሁ ይሁን።»

«አብሽሪ የኔ ልጅ፤ ፓምፑ እንደሆነ አለ። የጎደለው እግር ብቻ ነው።»

«የማን እግር?»

«ሲገጣጠም ይገባሻል» ብያት ወጣሁ።

ለአለቃዬ ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩላቸው። ስልካቸው ዝግ ነው። ለካ ሥልጠና ሄደዋል። የሥልጠናው ርእስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቅንጅታዊ አሠራር! ምክትላቸውን አስፈርሜ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን» የሚል ሁለት ደብዳቤ ያዝኩና ረቡዕ በማለዳ በአይሱዙ ሐሙስ ገበያ ወረድኩ።

የሐሙስ ገበያ የንብረት ክፍል ኃላፊ አቶ ደሳለኝ አብሮ አደጌ ነው። ሲያየኝ አቀፈኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ። ደብዳቤውን ሲቀበል ግን ፊቱ ተለወጠ፤ አብሮ አደጌ ከወንበሩ ተነሣና ኃላፊው ተቀመጠ።

«ደብዳቤው ‹የባለሦስት እግር አንድ እግር› ይላል» አለ።

«አዎ።»

«በእኛ መዝገብ እግር የሚባል ንብረት የለም።» መዝገቡን ገልጦ በጣቱ አሳየኝ። «ያለው ‹ብረት፣ ረዥም፣ አንድ› ነው።»

«ደሴ፣ እሱ እኮ ነው እግሩ!»

«አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ። ኦዲተሩ ግን አያውቅም።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ደብዳቤውን አስተካክለህ አምጣ።»

«ሰኞ ገበያ ሄጄ?»

«ማኅተማችሁ እዚያ አይደል?»

ወላሂ፣ ያን ጊዜ ጸጉሬ ሲሸብት ተሰማኝ። ሄድኩ። በገጠር መንገድ፣ አቧራ እየበላሁ፣ «እግር» የሚለውን ሰርዤ «ብረት፣ ረዥም፣ አንድ» ላስጽፍ ሄድኩ። ምክትሉ ሲፈርሙ «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ፤ «እኔም አላውቀውም» አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ በሌላ መኪና ተመለስኩ። ደሳለኝ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው። እንደ ገና አቀፈኝ። ከዚያ መጋዘኑን ከፈተ።

እግሯ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አየኋት። ዞሬ አየኋት። የሆነ ነገር ጎድሏታል።

«ደሴ፣ ይቺ አጥራለች።»

ዓይኑን ሰበረ። «መጋዘኑ አጭር ነው። በሩ አልዘጋ አለ።»

«እና?»

«ትንሽ ቆረጥናት። አንድ ክንድ ብትሆን ነው።»

የተቆረጠችበትን ጫፍ በጣቴ ዳሰስኩት። «የቆረጣችሁትስ የት አለ?» አልኩት።

«እሱማ አለ! ምን ይጠፋል፤ ‹ብረት፣ አጭር፣ አንድ› ተብሎ ተመዝግቧል።» ፊቱ በራ። «እሱን ከፈለግህ ግን ሌላ ደብዳቤ ነው።»

የዚያን ዕለት አብሮ አደጌን አንቄ ያልገደልኩት ሁሴን የሚባለው የእነሱ የፓምፕ ባለሙያ እዚያ ስለነበረ ብቻ ነው። ሁሴን ወጣት ነው፣ ዝምተኛ። ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ሲሰማ ቆይቶ «ጋሽ ይመር፣ አጭሩን ተወው፤ ከሥሯ ድንጋይ እንክባለን» አለኝ።

«ድንጋይ ላይ የቆመች እግር ያን ሁሉ ብረት ትሸከማለች?»

«አጠገቧ የሚጠብቃት ካለ ትሸከማለች። እኔ ይዣት ልሂድና ካቡን ልጀምር። አንተ ሌላኛዋን አምጣ።»

«የሥራ ጉዳይ ፈቃድህስ?»

ወደ ደሳለኝ ቢሮ አየና «መዝገብ ላይ ‹ሰው፣ ቀጭን፣ አንድ› ብለው ይጻፉኝ» አለ። ዝምተኛ ያልኩትን ሰርዙልኝ። እግሯን የእህል መኪና ላይ ጭኖ ወደ እኛ ከተማ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ቅዳሜ ገበያ ደረስኩ። ቢሮው ዝግ ነው። ከበሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ብትራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ለቅሶ ነው፣ ሁሉም እዚያ ነው» አሉኝ።

«መጋዘኑን የሚከፍትልኝ የለም? አንዲት የብረት እግር ነበረች፣ እሷን ፈልጌ ነው።»

«ኧረ እሷም ለቅሶ ላይ ናት።»

«እግሯ?»

«አዎና። ድንኳን ተሸክማለች።»

ሊቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር፤ ቀልድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ ብዬ ፊት ፊታቸውን አየሁ። የምራቸውን ነው። ባለፈው ወር ነፋስ የቅሬውን ድንኳን ምሰሶ ሰብሮት ኖሯል። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ በእኛ ዘንድ ሙስሊም ክርስቲያኑን በአንድ የሚቀብር፣ በአንድ የሚያስተዛዝን ማኅበር። የውሃ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ መላኩም የቅሬው አባል ስለሆነ እግሯን ምሰሶ አድርጎ ሰጥቷቸዋል።

ለቅሶው ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ከርቀት ይታያል፤ መሐሉ ላይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች እግሬ ቀጥ ብላ ቆማለች። «አላህ ያጥናችሁ፣ ሰብሩን ይስጣችሁ» ብዬ ገባሁና ከወንዶቹ መሐል ተቀመጥኩ። የሞቱት አንድ የተከበሩ አባወራ ናቸው፤ የተቀበሩት ትናንት ነው። ዓይኔን ከምሰሶዋ ላይ መንቀል አቃተኝ። ሦስቱ ቀን እስኪሞላ ድንኳን አይነሣም። ሦስቱ ቀን የሚሞላው ቅዳሜ ነው። ማዋለጃው በብርቄ ላይ የሚዘጋው ዓርብ ነው። ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ።

አጠገቤ ያሉት ሰውዬ ስለ ሟቹ «መርሑሙን ታውቃቸው ነበር?» አሉኝ።

«አይ፣ አላውቃቸውም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ምሰሶ ምሰሶውን እያየህ የምታለቅሰው?»

ተንፏቅቄ አቶ መላኩ አጠገብ ደረስኩ። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

«አቶ መላኩ፣ ያቺን እግር ፈልጌ ነው» አልኩት በጆሮው።

«ለቅሶ ላይ?»

«ፓምፓችን ተቃጥሏል። ለነገ ጠዋት ካልደረሰ ማዋለጃው ይዘጋል።»

«ደብዳቤ አለህ?»

አወጣሁለት። ከጋቢው ሥር ዘርግቶ አነበበው። «ይሄ የሥራ አስኪያጃችሁ ፊርማ አይደለም፣ የምክትሉ ነው። ደግሞም በሥራ ሰዓት፣ ቢሮ ነው የሚቀርበው።»

«ለድንኳኑ ስትሰጧት ደብዳቤ ነበረው?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው!»

ይህችን ጮክ ብዬ ተናግሬያት ኖሯል። የቅሬው ዳኛ አባ እንድሪስ፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሽማግሌ፣ ወደኛ ዞሩ።

«ምንድን ነው እሱ? ለቅሶ ቤት ነው ቀበሌ?»

ተነሣሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፓምፑን፣ ደሳለኝን፣ «ብረት ረዥም አንድን»፣ ሲስተር ፋጡማን። ስለ ብርቄና ስለ መንገዱም ነገርኳቸው። አባ እንድሪስ እስክጨርስ ጠበቁና ወደ አቶ መላኩ ዞሩ።

«አንተ መላኩ።»

«አቤት አባ።»

«ነገ ስትሞት በደብዳቤ እንቅበርህ?»

«ኧረ አባ…»

«‹ሟቹ በሥራ ሰዓት ቢሮ ይቅረብ› እንበል?»

ሰው ሁሉ አፉን በጋቢው ሸፈነ። ድንኳኑ ሙሉ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ፤ ለቅሶም ሳቅም ከርቀት አንድ ነው። አቶ መላኩ የፈራው ጢሙን ሳይሆን ቅሬውን ነው። መንግሥት ቢቆጣው ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል፤ ቅሬ ቢያስወጣው ግን ማን ይቀብረዋል?

«እኔ እንኳ ይውሰዱ ባይ ነኝ» አለ ወዲያው፣ «ግን ድንኳኑ…»

ሁላችንም ወደ ላይ አየን። እውነቱን ነው። እግሯ ከተነሣች ድንኳኑ በለቀስተኛው ላይ ይወርዳል። ይህን መወሰን የዳኛም ሥልጣን አልነበረም።

ያን ጊዜ ከቤቱ በር ላይ የሴት ድምፅ መጣ። የሟቹ ባለቤት እመት ዘሃራ ናቸው። ሁለት ቀን ሲያለቅሱ የሰነበተ ድምፅ ነው፣ ሻካራ።

«ቆይ እስቲ። ያን ባለሦስት እግር ለሦስት የከፈለው ማነው?»

አባ እንድሪስ አቶ መላኩን አዩት። አቶ መላኩ እኔን አየኝ። ልዋሽ እችል ነበር፤ «ጉባኤው ነው» ብል ማንም አይከሰኝም፣ ቃለ ጉባኤውም የሚለው እንዲያ ነው። ግን እኚያን ሴትዮ አይቶ መዋሸት አልሆነልኝም።

«እኔ ነኝ እመት።»

«አንተ?»

«ለቀልድ ነበር። ስብሰባ ላይ ተጨቃጭቀው ቢያሰለቹኝ፣ ‹እግሩ ሦስት ነው፣ እኛም ሦስት ነን፣ አንድ አንድ እንውሰድ› አልኳቸው።»

«እነሱስ?»

«አጨበጨቡ።»

«ማንም አልሳቀልህም?»

«ማንም።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። መጀመሪያ ለቅሶው የተነሣባቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር። ያቺ ቀልድ ከተወለደች ጀምሮ የሳቀላት የመጀመሪያ ሰው ባላቸውን ትናንት የቀበሩ ሴት ናቸው። «ሱብሃነላህ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እሱ ይሄን ሰምቶ ቢሆን፣ ወላሂ ሦስት ቀን ነበር የሚስቅ።» ሳቃቸው መልሶ እንባ ሆነ፤ ሴቶቹ ያዟቸው። ትንሽ ቆይተው ቀና አሉ።

«አውርዱት» አሉ።

«እመት፣ ሦስቱ ቀን ሳይሞላ?» አሉ አባ እንድሪስ።

«ሦስቱ ቀን በሸራ ነው እንዴ የሚሞላ? እዚያ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ፀሐይ ነው እንጂ እሳት አይደለም።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ልጅህ ስሟ ማነው?»

«ብርቄ።»

«ብርቄን አላህ በሰላም ያገላግላት። አሚን በሉ!»

«አሚን!» አለ ድንኳኑ በሙሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አቶ መላኩም። ለሁሉ ነገር መልስ ያለኝ ሰውዬ ጎንበስ ብዬ መሬት ስሜ ተነሣሁ።

ድንኳኑ ወረደ። ለቀስተኛው ምንጣፉን ተሸክሞ ዛፍ ሥር ገባ። ከለቀስተኞቹ የአንዱ አይሱዙ ቀረበች፤ እግሯን ጫንን። ልንነሣ ስንል አቶ መላኩ ከኋላ እየጮኸ ሲሮጥ አየሁት። ሐሳቡን ለውጦ ሊያስወርደኝ ነው ብዬ ሹፌሩን «ንዳ! ንዳ!» አልኩት።

«ቁሙ!» ይላል፣ ክራቫቱ በትከሻው ላይ እየተውለበለበ። «ብሎኖቹ! ብሎኖቹ ቢሮ ናቸው!»

ሮጦ ሄዶ አመጣቸው። ሰጥቶን ይመለሳል ስል እሱም ተሳፈረ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ጀመርን። ሁሴን ቆንጆ የድንጋይ ካብ ክቦ ጠበቀን፤ አጭሯ እግር እሱ ላይ ቆመች። ሦስቱ እግሮች ከተገዙ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ። ሰንሰለቱን ጎተትን። ቧንቧው አቃሰተና ወጣ፤ አንቀን ያዝነው፣ ፈታነው፣ አወረድነው። አንድ። እንደ ገና። ሁለት። የከተማው ሰው አጥሩን ተደግፎ ጄሪካኑን ይዞ ያያል። ከባለሦስት እግሩ አንዷ ብትንሸራተት ያ ሁሉ ቧንቧ ወደ ታች ይሄዳል። ያኔ ጉድጓዱ መቃብር ነው፤ ማንም አያወጣውም።

ሁሴን ካቡ አጠገብ በሆዱ ተኝቶ ዓይኑን ከድንጋዩ አይነቅልም። ከግማሽ በላይ ካወጣን በኋላ «ቁሙ!» ብሎ ጮኸ።

ቆምን። ሰንሰለቱ ተወጥሮ ይንጫጫል።

«የታችኛው ድንጋይ ተሰነጠቀ።»

«ምን ያህል ጊዜ አለን?» አልኩት።

«አትጠይቀኝ። አትንቀሳቀሱ።»

አቶ መላኩ ኮቱን አውልቆ ጣለና ትከሻውን ከእግሯ ሥር አስገባ። «ድንጋይ አምጡ!» አለ ጥርሱን ነክሶ። አጥሩ ላይ የነበረው ሰው ጄሪካኑን ጥሎ ድንጋይ ይዞ ሮጠ፤ አንዲት እናት የቤቷን ደፍ ነቅላ ያመጣች ይመስል የተጠረበ ድንጋይ አዝላ መጣች። ሁሴን አንዱን ከሥር፣ አንዱን ከጎን ወተፈ። «አሁን ቀስ በሉ» አለ። ቀስ አልን። አቶ መላኩ የመጨረሻው ቧንቧ እስኪወጣ ከዚያች እግር ሥር አልተነሣም፤ ያ ትከሻው እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ይነግረዋል።

አዲሱን ፓምፕ አስገብተን ስንጨርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ሲስተር ፋጡማ አጥሩ ጋ ቆማለች።

«ጋሽ ይመር፣ ዓርብ ጠዋት ብያለሁ።»

«ጠዋቱ መቼ አለቀ!»

ማብሪያውን ተጫንኩ። ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ሳል አለ። አየር ተፋ። ጭቃ ተፋ። ከዚያ ጠራ።

አሁን የምታዝኑልኝ ከሆነ እዚህ ላይ እዘኑልኝ። ያ ሁሉ ሩጫ ለብርቄ አልነበረም? ብርቄ ዓርብ አልወለደችም። ቅዳሜም አልወለደችም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማቆያው ውስጥ ተኝታ «አባዬ፣ ምን አስቸኮለህ?» እያለች ስትስቅብኝ ቆይታ፣ በአሥረኛው ቀን ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ስብሰባውም አልቀረልኝም። እግሮቹ አንድ ቦታ ይቀመጡ በሚለው ሁሉም ተስማማ። የት? በሚለው እስከ ምሳ ተጨቃጨቁ። ከምሳ በኋላ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጸሐፊው ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «አቶ ይመር ቅሬታ እንዳላቸው ተስተውሏል።» አቶ መላኩ ነው ተነሥቶ «ቅሬው ይያዘው» ያለ። «ቅሬ መንግሥታዊ ተቋም አይደለም» አሉት። «ለዚህ እኮ ነው» አላቸው። አሁን ሦስቱም እግሮች ከአዲሱ የድንኳን ምሰሶ ጋር ቅዳሜ ገበያ የቅሬው ዕቃ ቤት ናቸው። ቁልፉ አባ እንድሪስ ዘንድ ነው። ሲጠየቁ መልሰው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ውሃው የጠፋው ማን ላይ ነው?»

በየቢሮው ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ «አስፈላጊው ትብብር ይደረግ» ብላችሁ ስትፈርሙ እስቲ አንድ ቀን ወረቀቱን ተከትላችሁ ሂዱ። አንዲት እግር የት መዝገብ ላይ ስሟ ተለውጦ፣ የት መጋዘን ውስጥ ክንድ ያህል ተቆርጣ እንደቆመች ታያላችሁ። የምላችሁ ብዙ ነበር፤ ግን እኔን የለወጠኝ ስብሰባውም፣ ቅሬውም አይደለም። በዚያው ዓርብ የሆነ ነገር ነው።

ውሃው ከመጣ ብዙም ሳይቆይ፣ እጄን ጤና ጣቢያው ግቢ ስታጠብ፣ ስምንት ሰዎች ከቆላ በኩል በቃሬዛ አንዲት ሴት ተሸክመው እየሮጡ ገቡ። አላውቃቸውም። ሲስተር ፋጡማ በሩን ከፍታ ተቀበለቻት። ሰዎቹ ላባቸው እየወረደ ግድግዳ ሥር ተዘረጉ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከውስጥ የሕፃን ድምፅ ወጣ። ባልየው ባልዲ ይዞ ወደ ቧንቧው መጣ። ሞላለትና ቀና ብሎ አየኝ።

«ጌታው፣ እዚህ ውሃ ሁልጊዜ አለ?» አለኝ። «የወንድሜም ሚስት ደርሳለች። መካነ ሰላም ድረስ ከምንሸከማት ብዬ ነው።»

ስንቱን አጋንኜ አውርቻለሁ፤ ሲነቃብኝ ስቄ አልፋለሁ። ይሄ ሰውዬ ግን አልሳቀም። ያልኩትን ይዞ ተራራ ወርዶ ሊነግር ነው።

«ሁልጊዜ አለ» አልኩት።

አመስግኖኝ ገባ። ስሙንም የሚስቱንም ስም አላውቅም። እነሆ ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ፓምፑ ትንሽ ድምፁን በለወጠ ቁጥር፣ ያቺ ቃል ውሸት እንዳትሆን ስሮጥ አለሁ።